ያልነበረ ብረት እንዴት ይዝጋል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን የሰውን አስተያየት የሚያጠራ ነው። ይኸውም ክፍል ክፍሉ ተለያይቶ በካርቶን ሣጥን ስለሚሸጥ፣ ገዢውም በገዛ እጁ ገጣጥሞ ቀለም ስለሚቀባው የፕላስቲክ ሮቦት ነው። ይህ ሥራ እጅግ የታወቀበት አገር ጃፓን ስለ ሆነ፣ ምሳሌዎቼን የምወስደው ከዚያው ነው፤ ከሮቦቶቹም መካከል «ጋንዳም» የተባለውን እመርጣለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

«ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለምን? ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል ውሎ ወደ ቤቱ ለሚገባ ሰው ምን ይፈይደዋል?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት ነገሩን መስማት የአስተዋይ ሰው ልማድ ነውና፣ አስቀድሜ የሥራውን ጠባይ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

«ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ከተፈጠረ አንድ መቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ሰውን እንዲያገለግሉ የተሠሩትን ፍጥረቶች በዚህ ስም ጠራቸው፤ ቃሉም የወጣው በቼክ ቋንቋ የግዳጅ ሥራን ከሚያመለክት ቃል ነው። በጃፓን አገር ግን ሮቦት አገልጋይነቱ ቀርቶ የልጆች ጀግና ሆነ። በ1972 በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ማዚንገር ዜድ፣ ሰው በውስጡ ተቀምጦ የሚነዳው ግዙፍ ሮቦት ነበር፤ አቻ የሌለው፣ እንደ ተረት ጀግና ኀይሉ የሚያስደንቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ጀግና የሚስል ሰው ስለ ጭቃና ስለ ጭረት ብዙ አያስብም።

በኤፕሪል 7 ቀን 1979 መታየት የጀመረው ጋንዳም ግን ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። አዘጋጁ ዮሺዩኪ ቶሚኖ፣ የመሣሪያዎቹን መልክ የነደፈውም ኩኒዮ ኦካዋራ ነበሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሮቦት ማለት እንደ ታንክና እንደ አውሮፕላን ያለ የጦር መሣሪያ ነው። በፋብሪካ በብዛት ይመረታል፤ ጥይቱ ያልቃል፤ ክፍሉ ይሰበራል፤ ከውጊያ ሲመለስም የሚጠግኑት መካኒኮች አሉ። ተከታታዩ ፊልም በመጀመሪያ ብዙ ተመልካች ስላላገኘ፣ 52 ክፍል እንዲኖረው ታስቦ የነበረው በ43ኛው ክፍል በጃኑዋሪ 1980 እንዲያበቃ ተደረገ። ነገሩ በዚሁ ተረስቶ ሊቀር በቻለ ነበር። ነገር ግን በጁላይ 1980 ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የጋንዳምን ተገጣጣሚ አምሳያ በ300 የን ዋጋ ለገበያ አቀረበ፤ ፊልሙም እንደገና ሲታይ የጃፓን ልጆችና ወጣቶች ለሣጥኑ ይሽቀዳደሙ ጀመር።

በታሪኩ ውስጥ የጋንዳም ቁመት 18 ሜትር ነው። የመጀመሪያው አምሳያ የተሠራው በ1/144 መጠን ስለ ሆነ ቁመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ነበር። ፕላስቲኩ ነጭ ብቻ ነበር። በሣጥኑ ላይ የተሣለው ሮቦት ደረቱ ሰማያዊ፣ እግሩና ሆዱ ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ ከሣጥኑ የሚወጣው ግን ነጭ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ቀለም መቀባት የውዴታ ሳይሆን የግዴታ ሥራ ነበር።

እየዋለ እያደረ የፋብሪካው ጥበብ ተሻሻለ። በ1990 «ሃይ ግሬድ»፣ በ1995 «ማስተር ግሬድ»፣ በ1998 «ፐርፌክት ግሬድ»፣ በ2010 ደግሞ «ሪል ግሬድ» የሚባሉት ተራ በተራ ወጡ። ዛሬ ክፍሎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ቀይ የሚሆነው ቀይ፣ ሰማያዊ የሚሆነው ሰማያዊ ሆኖ ነው፤ ያለ ማጣበቂያም በጣት ተጭኖ ይገጣጠማል። ታዲያ ቀለም መቀባት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ከፋብሪካው የወጣው ቀለም ምንም ያህል ቢያምር ፕላስቲክነቱን አይሰውርም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበትም እንደ ሳሙና ዕቃ ያብለጨልጫል። አንድ ሺህ ሰዎች አንድ ሺህ ሣጥን ቢገዙ፣ ሁሉም የሚያገኙት ያንኑ አንዱን ዕቃ ነው። ልዩነት የሚመጣው የሰው እጅና የሰው አስተያየት ሲጨመርበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በጃፓን ሺዙኦካ በምትባለው ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ኩባንያ በ1960 ያወጣው የመጀመሪያው የፕላስቲክ አምሳያ ያማቶ የምትባለው የጦር መርከብ ነበረች። ይህች መርከብ በ1945 ብትሰጥምም፣ በእርግጥ የነበረች ናትና ፎቶግራፍ አላት፤ የተሳፈሩባት ሰዎችም ምስክር ሊሆኑ ይችሉ ነበር። አምሳያዋን የሚቀባ ሰው ቢሳሳት «ይህ እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚያርመው ማስረጃ አለ። ባንዳይ በ2006 በዚያችው በሺዙኦካ በከፈተው ፋብሪካ የሚያመርተው ጋንዳም ግን በየትም ቦታ፣ በየትኛውም ዘመን ያልነበረ ነው። ፎቶግራፍ የለውም፤ የነዳው ሰው የለም፤ በሙዚየም አልቆመም። ታዲያ ያልነበረን ነገር በእውነት መቀባት ይቻላልን? ያልነበረ ብረትስ እንዴት ይዝጋል?

በ1981 ሆቢ ጃፓን የተባለው መጽሔት አሳታሚ ስለ ጋንዳም አምሳያ አሠራር አንድ የመመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ከሠሪዎቹ መካከል አንዱ በኋላ የባንዳይ ባልደረባ የሆነው ካትሱሚ ካዋጉቺ ነበር። የዚያ ዘመን ወጣት ሠሪዎች ያደረጉት ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ የታንክና የአውሮፕላን አምሳያ የሚቀባበትን ዘዴ ወስደው በሮቦቱ ላይ አዋሉት። ማስረጃ የሚሆን ፎቶግራፍ በሌለበት ስፍራ ምክንያትን ተኩ። «ይህ መሣሪያ በእርግጥ ቢኖር ኖሮ የት ላይ ይፋቅ ነበር? ጥላሸቱ የት ይጠራቀም ነበር?» ብለው ጠየቁ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ቀለም ቀቢው በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ላይ ይህን ጥያቄ ይዞ ይጓዛል።

የመጀመሪያው ደረጃ ማጽዳት ነው። ክፍሎቹ የሚገኙት በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ተያይዘው ነው። ሠሪው በመቁረጫ ፒንሳ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠጋ አድርጎ። በአንድ ጊዜ አስጠግቶ የቆረጠ እንደ ሆነ ፕላስቲኩ ተጨንቆ ነጭ ቁስል ያወጣል። የቀረችውን ጉጥ በስለታም ምላጭ ይላጫል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት፣ በ400 ቁጥር ጀምሮ በ600ና በ800 እያለሰለሰ ያስተካክላል። በመጨረሻም ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ያደርቃል፤ የፋብሪካው ቅባትና የጣት ወዝ ቀለሙን እንዳይዝ ያደርጉታልና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ደረጃ የተዘለለ ነገር ኋላ በቀለም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሁለተኛው ደረጃ መደብ ቀለም ነው። ብዙውን ጊዜ ግራጫ ነው። ሥራውም ሁለት ነው፤ አንደኛ በላዩ የሚመጣውን ቀለም አጥብቆ ይይዛል፤ ሁለተኛ እንደ ጥሩ ሒሳብ መርማሪ የተሰወረውን ጉድለት ያጋልጣል። በባዶው ፕላስቲክ ላይ ዐይን ያላየው ጭረት በግራጫው ላይ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ሠሪው ተመልሶ ይፍቃል፤ እንደገናም ይቀባል። ቀይና ቢጫ ቀለም ከሥራቸው ያለውን የመሸፈን ኀይላቸው ደካማ ስለ ሆነ፣ ለእነርሱ የሚመረጠው መደብ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ነው። በግራጫ ላይ የተቀባ ቢጫ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

ሦስተኛው ደረጃ ዋናው ቀለም ነው። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው በብሩሽ አወፍሮ የቀባው ቀለም የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ውፍረት ቢኖረው፣ ለዐይን ምንም አይደለም። ነገር ግን ሮቦቱ በ144 የተቀነሰ ስለ ሆነ፣ ቀለሙንም በ144 ብናበዛው 14.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጦር መሣሪያ ላይ የአንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ቀለም የሚቀባ ማን ነው? ጠርዙ ይደነዝዛል፤ መሥመሩ ይደፈናል፤ ብረቱ በሊጥ የተለበጠ ይመስላል። ስለዚህ ቀለሙ በማቅጠኛ እንደ ወተት እስኪሆን ይቀጥናል፤ አንድ ጊዜ ከማወፈር ይልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይደረባል። በኮምፕሬሰር አየር ቀለሙን እንደ ጉም የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ ብሩሽ ብቻ ያለውም ትዕግሥት ካለው ያማረ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ላከር የተባለው ቀለም በእርጥብ አየር ሲረጭ ነጭ ጉም የለበሰ መስሎ ሊደርቅ ስለሚችል፣ በጃፓን የዝናም ወራት ሠሪዎች ደረቅ ቀን ይጠብቃሉ፤ በእኛም አገር በክረምት የሚሠራ ሰው ይህንኑ ማስታወስ ይገባዋል።

አራተኛው ደረጃ ጥላ ነው። ዕቃ በትንሹ ሊሠራ ይችላል፤ ብርሃንን ግን ማሳነስ አይቻልም። በ18 ሜትር ቁመት ባለ መሣሪያ ላይ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ያለው ክፍተት ጥልቅና ጨለማ ነው። በትንሹ አምሳያ ላይ ግን ያው ክፍተት የጠጉር ያህል ስለሚቀጥን ጨለማው ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃን ያልሠራውን ጥላ ሠሪው በቀለም ይሠራዋል። ጃፓኖች ይህን «ሱሚ ኢሬ» ይሉታል፤ ቀለም በመሥመር ውስጥ መጨመር ማለት ነው። እጅግ የቀጠነ ጥቁር ዘመም ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መሥመሩን ሲነካው፣ ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ በገዛ ራሱ እየተሳበ ይሮጣል። የተረፈው በጥጥ ይጠረጋል። ታዲያ በነጭ ላይ ጥቁር መሥመር እንደ ቀለም እርሳስ ሥዕል ሻካራ ስለሚሆን ግራጫ ይመረጣል፤ በቀይ ላይ ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት፣ በቢጫ ላይ ፈካ ያለ ቡና ዓይነት ይስማማል።

ርቀትም የራሱ ሒሳብ አለው። 12.5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሮቦት ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ እውነተኛውን መሣሪያ ከ43 ሜትር ላይ ሆኖ እንደሚመለከት ያህል ነው። በዚያ ርቀት የቆመ ነገር ቀለሙ በአየሩ ምክንያት ጥቂት ይፈዛል። ስለዚህ ብልህ ቀቢ ሰማያዊውን ከጠርሙስ እንደ ወጣ አያውለውም፤ ጥቂት ነጭ ወይም ግራጫ ጠብ ያደርግበታል።

ስለ ቀለም ዓይነቶችም አንድ ሕግ አለ። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ላከር፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክና ኢናሜል ናቸው። የላከር ማቅጠኛ ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ነው፤ የኢናሜል ማቅጠኛ ግን የደረቀ ላከርን አያሟሟም። ስለዚህ ብርቱው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ ይሆናል። ከላይ የተቀባው መሥመር ቢበላሽ ተጠርጎ እንደገና ይሠራል፤ ከሥር ያለው አይነካም። ተራውን የገለበጠ ሰው ግን የላይኛውን ሲቀባ የታችኛውን ያሟሟዋል። የኢናሜል ማቅጠኛም ተጣብቆ በተጨነቀ መገጣጠሚያ ውስጥ ብዙ የገባ እንደ ሆነ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋልና በልክ መያዝ አለበት።

አምስተኛው ደረጃ ምልክትና ቁጥር ነው። በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ስስ ምልክት የሚያርፈው በአንጸባራቂ ቨርኒሽ ላይ ነው። ሻካራ በሆነ ገጽ ላይ ከተለጠፈ አየር ከሥሩ ይቀራል፤ ሲደርቅም ዳሩ እንደ ብር እያብረቀረቀ ወረቀትነቱን ይናገራል። ምልክቱ ከደረቀ በኋላ በማያንጸባርቅ ቨርኒሽ ሲሸፈን ግን ከቀለሙ ጋር አንድ ይሆናል፤ የፕላስቲኩም ብልጭታ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ደረጃ ደርሰናል፤ ይኸውም ማስረጀት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ካለቀ በኋላ በእጁ ስፖንጅና ቡና ዓይነት ቀለም ሲያገኝ፣ ሮቦቱን ከራስ እስከ እግሩ በዝገት ይሸፍነዋል። «ያረጀ ብረት ይዝጋል» ብሎ ያስባልና። ነገር ግን ጥያቄያችንን እናስታውስ፤ ይህ ብረት እንዴት ይዝጋል?

በታሪኩ መሠረት የጋንዳም ጥሩር የተሠራው ከጨረቃ ቲታንየም ነው። እንዲህ ያለ ማዕድን በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ ቢሆንም፣ ቲታንየም ግን በእርግጥ ያለ ማዕድን ነው፤ እንደ ብረትም ቀይ ዝገት አያወጣም። ስለዚህ የጋንዳም ቀለም በተፋቀበት ስፍራ ሊታይ የሚገባው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ማዕድን ነው እንጂ ቡና ዓይነት ዝገት አይደለም። በአንጻሩ ዛኩ የተባለው የጠላት ወገን አረንጓዴ ሮቦት ጥሩሩ እጅግ ከጠነከረ የብረት ቅይጥ የተሠራ ነው ተብሏል፤ በምድር ላይ ዝናም እየወረደበት የከረመ ዛኩ ቢዝግ ያምርበታል። ደግሞም በሕዋ ውስጥ ብቻ የተዋጋ መሣሪያ እግሩ ጭቃ ሊኖረው አይችልም፤ በዚያ ጭቃም ዝናምም የለምና። እንግዲህ ያልነበረ ነገር እንኳ የራሱ ሕግ አለው። ታሪኩን አንድ ጊዜ ከተቀበሉ በኋላ፣ ከዚያ የሚከተለው ሁሉ በምክንያት የተያያዘ ነው።

ይህን ምክንያት ከወዴት እንማረዋለን? በዙሪያችን ካለው ዕቃ ነው። የቤታችንን ክዳን ቆርቆሮ እንመልከት፤ ዝገቱ የሚጀምረው ሜዳው ላይ አይደለም፤ ምስማር በገባበት ቀዳዳና በተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ ከዚያም ውሃ በሚወርድበት መንገድ ወደ ታች ይሳባል። የአውቶቡስን በር እንመልከት፤ ተሳፋሪ የሚጨብጠው ብረት በእጅ ብዛት ጠርቶ ሲያበራ፣ መርገጫው ደግሞ መካከሉ ተፍቆ ዳርና ዳሩ ቀለሙን እንደ ያዘ ይኖራል። በየመሥሪያ ቤታችን ያለውንም የብረት መዝገብ ሣጥን እናስተውል። በመሳቢያው እጀታ ዙሪያና በቁልፉ ቀዳዳ አጠገብ ቀለሙ አልቋል፤ ከታች ያለው ማዕዘን በመጥረጊያና በጫማ ተገጫጭቷል፤ ወደ ግድግዳ የዞረው ጀርባው ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን አዲስ ነው። ማንም ሰው ይህን ሣጥን አይቶ የትኛው መሳቢያ አዘውትሮ እንደሚከፈት ሊናገር ይችላል። የሮቦቱም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። ነጂው የሚወጣበት በር ይፋቃል፤ የጉልበቱ ጠርዝ ይጋጫል፤ የጠመንጃው አፍ በጥላሸት ይጠቁራል፤ እጅ የማይደርስበት፣ ምንም የማይነካው ስፍራ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ልክም ያስፈልጋል። በስፖንጅ ጫፍ የተነካች 1 ሚሊ ሜትር ነጥብ በእውነተኛው መሣሪያ ላይ ከ14 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁስል ናት። እንዲህ ያለ ቁስል ጥቂት ስፍራ ላይ ቢገኝ ስለ ውጊያ ይናገራል፤ በሁሉም ስፍራ ቢበዛ ግን መሣሪያው ከቆሻሻ መጣያ የተነሣ ይመስላል። እርስ በርሱ የሚቃረንም ነገር መኖር የለበትም። እግሩ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ሳለ የእግሩ መርገጫ ጠርዝ ያልተፋቀ ከሆነ፣ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ልቡ ይነግረዋል። ምንም ሳያስረጅ፣ ከፋብሪካ ዛሬ እንደ ወጣ አድርጎ በንጽሕና መተው የሚመርጡ ሠሪዎችም አሉ፤ ይህም የሚከበር ምርጫ ነው። የማይገባው ነገር አዲስም ያረጀም ያልሆነ፣ ታሪኩ ያልታወቀ ሥራ መሥራት ነው።

ስለ ጤናም ሳልናገር አላልፍም። የላከርና የኢናሜል ማቅጠኛ ትነት ራስ ያዞራል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ስለዚህ መስኮት ተከፍቶ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ተራ ጨርቅ ትነትን አያግድም። ትነቱ እሳት በቀላሉ ስለሚይዘው የከሰል ምድጃ፣ ሻማና ሲጃራ በአጠገቡ ሊኖሩ አይገባም። ምላጩና ጠርሙሱም ከሕፃናት እጅ ይራቁ።

አሁን ከአድማጮቼ አንዱ «ጋንዳም አልነበረም ብለሃል፤ ነገር ግን በቶክዮ በቁመቱ ልክ ቆሞ አልታየምን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። እውነት ነው። ፊልሙ ሠላሳ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ2009፣ 18 ሜትር ቁመት ያለው ጋንዳም ኦዳይባ በተባለው የቶክዮ ክፍል ተተክሎ ብዙ ሕዝብ ጎብኝቶታል። በዮኮሃማ ከተማም ከ2020 መጨረሻ እስከ 2024 መጋቢት ድረስ የሚንቀሳቀስ ጋንዳም ለሕዝብ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ በኦዳይባ የቆመው ውስጡ የብረት ምሰሶ ሲሆን፣ ለዐይን የሚታየው ገጹ በመስታወት ጭረት የጠነከረ ፕላስቲክ ነበር። ይህም ማለት ግዙፉ ራሱ ቀለም የተቀባ አምሳያ ነው። ለመቅዳት የሚያስችል እውነተኛ ብረት ዛሬም የለም፤ ስለዚህ ቀቢው እንደ ጥንቱ ወደ ምክንያቱና ወደ አስተያየቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሥራ ለአዋቂ ሰው ምን ይፈይደዋል? ገንዘብ አያስገኝም፤ ማዕርግም አይጨምርም። ነገር ግን ሰው ሁለት ምሽት ለአንድ የፕላስቲክ እግር ሲደክም፣ እግሩ የሚረግጠውን መሬት ማሰቡ አይቀርም። ማሰብ ሲጀምር መመልከት ይከተላል። ብዙዎቻችን በአንድ ደረጃ ላይ ለዓመታት ስንወጣና ስንወርድ፣ ደረጃው በየትኛው በኩል እንደ ተበላ ብንጠየቅ መልስ የለንም። በፊታችን ያለውን ነገር ሳናይ የምናልፍበት ልማድ ለዕቃ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በመስኮታችን ፊት የሚሰለፈውን ባለ ጉዳይም በዚያው ዐይን ነው የምናየው። በዕቃ ላይ የደረሰውን መፋቅና መድከም አጥርቶ ማየት የለመደ ዐይን፣ በሰው ፊት ላይ ያለውንም ድካም ሳያይ ማለፍ ይቸግረዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህ እምነቴ ነው፤ ፍርዱ ግን የእናንተ ነው። ሣጥኑን የገዛ ይቀባ፤ ያልገዛም ቢሆን ግማሹን ትምህርት በነጻ ሊያገኝ ይችላል። ነገ ጧት ወደ ሥራችሁ ስትገቡ፣ ወንበራችሁን ከመሳባችሁ በፊት፣ በክፍላችሁ ያለውን የብረት ሣጥን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ቀለሙ የት እንዳለቀና ለምን እዚያ እንዳለቀ ለራሳችሁ መልሱ።